ዋጋው በየሳምንቱ የሚጨምር ጠብመንጃ

ግንቦት ላይ እዚህ ካናዳ የንግሥት ልደት እያሉ ርችት የሚተኩሱበት በዓል አለ። የየትኛዋ ንግሥት ልደት እንደሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ አንድም ቀን አጣርቼ አላውቅም። የእኛ ሰፈር የሬክስዴል ጎረምሶች ደግሞ እስኪጨልም መጠበቅ አይሆንላቸውም፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሕንፃችን ሥር ባለው መኪና ማቆሚያ ሰብሰብ ብለው ያንጣጡታል። ዘንድሮ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ጭሱ ሽቅብ መጣና አፍንጫዬን ሞላው። የተቃጠለ ባሩድ! እኔ ልሙት፣ ብርጭቆው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ልጄ ከውስጥ ሆና "አባዬ፣ ጭሱ ይጎዳሃል፣ ዶሩን ክሎዝ አድርገው" ትለኛለች። እኔ ግን ጭራሽ ወደ ጭሱ ጠጋ አልኩ። ሽማግሌ ባሩድ አሽትቶ ሲያለቅስ ያየ ሰው ዘመቻው ትዝ ብሎት ነው ይላል። እኔ ዘመቻ የሚባል ነገር ሄጄ አላውቅም። ትዝ ያለኝ ጓደኛዬ ታፈሰ ነው።

ታፈሰና እኔ እዚሁ ሬክስዴል ኤርፖርቱ አጠገብ በነበረ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ፣ እኔ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ። አውሮፕላኑ ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቅና ካቆምንበት እንቀጥላለን። እንዲያ ስለለመድኩ ዛሬም ስናገር መሀል ላይ ዝም እላለሁ፤ ልጄ "ምነው ረሳኸው?" ትለኛለች። ታፈሰ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ አፉ ደግሞ ለማንም የማይመለስ ሰው ነበር። ከሚስቱ ከዘነቡ ጋር ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። አሁን ሁለቱም የሉም። እሱ ከሄደ ቆየ፣ ዘነቡ ደግሞ አምና ተከተለችው። ሁለቱም ስለሌሉ ነው አፌን የምከፍተው እንጂ አንዳቸውም ቢኖሩ ኖሮ ይህን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው እቀበር ነበር።

ያን ጊዜ የባቡሩ ቶክን ከሸሚዝ ቁልፍ ታንስ ነበር፤ ኪስ ከተቀደደ የሳምንት መሳፈሪያ መንገድ ላይ ይቀራል። ቤንዚን ሊትሩ ከዶላር በታች ነበር፣ እኛም ተወደደ ብለን እናማርር ነበር፤ ምን ያለ ጥጋብ! አገር ቤት የሚደወለው በአምስት ዶላር ካርድ ነው፤ ካርዱን በሳንቲም ስትፍቀው ቁጥሩ አብሮ ይፋቅና ጉድ ትሆናለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በርበሬ የምንገዛበት ሱቅ ጥግ ተገናኝተን ቆመን እናወራለን፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረን፣ ከአንድ ሻንጣ የወጣን እንመስላለን። ታፈሰ ቡናማ አሮጌ መኪና ነበረችው። የካሴት ማጫወቻዋ አንድ ካሴት ውጣ አልመልስ ስላለች ለስንት ዓመት አንድ ዘፋኝ ብቻ ነው የሰማነው፣ ለዚያውም አንዱን ገጽ። ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቀዩ የሸክላ ሕንፃ ሲፈርስ ቆመን ያየነው በዚያች መኪና ሄደን ነው፤ ታፈሰ መጀመሪያ የተከራየባት ክፍል ግድግዳዋ ተገምሶ አረንጓዴው ቀለም ለመንገደኛው ሁሉ ይታይ ነበር። "እዩልኝ፣ ገመናዬ አደባባይ ወጣ" አለ። አሁን እዚያ ቦታ መስታወት በመስታወት ሆኗል፣ ባልፍም አላውቀውም።

የጠብመንጃው ነገር የመጣው ከፎርማናችን ነው። ፍራንኮ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፤ ጡረታ ሊወጣ ሲል ታፈሰን "እሁድ ወደ ክለቤ ና፣ ጓደኛህንም አምጣው" አለው። እንግዲህ ክለብ ሲባል ለእኛ ትውልድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የመኮንኖች ክለብ ነው፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስና ቢሊያርዶ ነው። ታፈሰ ግራጫ ሙሉ ልብሱን አስተኮሰ፣ ከረባት አሰረ፣ እኔም የሰርጌን ሱፍ ለበስኩ። ከከተማው ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት በላይ ነድተን ደረስን። ክለቡ ለካ ጭቃ ሜዳ ነው! አንድ የእንጨት ቤት፣ የጎማ ቦት የተጫሙ ጢማም ሽማግሌዎች፣ ኪሳቸው በጥይት የተነፋ ያረጀ ሰደርያ፣ ከመሬት ሥር ተቀብሮ ብርቱካንማ የሸክላ ሳህን የሚወረውር ማሽን። ሳህኗ ከስኒ ማስቀመጫ አትበልጥም፤ ተወርውራ ስትሸሽ በወፍ ጥይት መትተህ ማድቀቅ ነው ጨዋታው። ሁሉም ወደ ከረባታችን ዞሩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታፈሰ ግን የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ "የቱ ጋ ነው የሚቆመው?" አለ። ተኳሾቹ ሳህኗ እንድትለቀቅላቸው "ፑል!" እያሉ ይጮኻሉ። ታፈሰ ተራው ደረሰና በሙሉ ድምፁ "በል!" አለ። ማሽኑን የያዘው ሰው ደንግጦ ለቀቀለት፣ እሱም አደቀቃት። በወሩ ግማሾቹ ካናዳውያን "በል!" ማለት ጀምረው ነበር።

ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት አለ፣ ፈተና አለ፤ አብረን ተማርን፣ አብረን አለፍን። ከዚያ ፍራንኮ ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ጠብመንጃውን ሊሸጥ ተነሳ። የጣሊያን ሥራ፣ አፈሙዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ፣ ረጅምና ከባድ። ታፈሰ ሊገዛ ሄደ፣ እኔንም ወሰደኝ። በመንገድ ላይ "ፍራንኮ ሲያወራ አንተ መልስለት፤ ሰውዬው እያወራ ዕቃ አይታይም" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን አሁንም ዓይኔን ብጨፍን አየዋለሁ። መጀመሪያ የጎረሰ አለመሆኑን አየ። ቀጥሎ አናቱ ላይ ያለችውን በአውራ ጣት እየተገፋች የምትከፍተውን መክፈቻ አየ። "ይቺ" አለኝ በአማርኛ፣ "አዲስ ሳለ ሲዘጋ ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለች። እያረጀ ሲሄድ ወደ መሀል ትመጣለች። መሀሉን አልፋ ግራ ከገባች መቆለፊያው ተበልቷል ማለት ነው።" የፍራንኮ መሀል ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። የፊተኛውን እንጨት አወለቀና ዘግቶ ነቀነቀው፤ ማጠፊያው ጠበቅ ያለ ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳውና አፈሙዙ ከኋለኛው አካል ጋር በሚገጥምበት ጋ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ አየ፤ አያሳልፍም። አፈሙዞቹን ነቅሎ በአንድ ጣቱ አንጠለጠለና በጥፍሩ ኳ አደረጋቸው፤ እንደ ጥሩ ብርጭቆ ጮኹ። "ብየዳው ጤነኛ ነው፤ የላላ ቢሆን ይንሾካሾክ ነበር" አለኝ። የብሎኖቹን ራስ እንኳ ሳይቀር በጣቱ ዳሰሰ፤ የተጫጨረ ብሎን ካየህ የማያውቅ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሰደፉን ለካና ፊቱን አጨፈገገ። ፍራንኮ አጭር ስለሆነ ሰደፉን ከጫፉ አስቆርጦታል። "ይሄ የተቆረጠ ነው፤ ነገ ልሸጠው ብል ረጅም ሰው አይገዛኝም" ብሎ ተከራከረና ከዋጋው ላይ ሦስት መቶ ዶላር አስወርዶ በሺህ ሁለት መቶ ገዛው። ከተከፈለ በኋላ ወደ ትከሻው ቢያነሳው ሰደፉ ለእሱ ተለክቶ የተቆረጠ ይመስል ጉንጩ ላይ ልክክ አለ። ፍራንኮ ያን ጊዜ ነው የታፈሰን ቁመት ያስተዋለው። በጣሊያንኛ የሰደበንን ስድብ የጊቢው ውሻ ሁሉ ሳይገባው አልቀረም። ከዚያ ግን ወይን አውጥቶ አጠጣን።

ከዚያ ወዲህ ታፈሰ የክለቡ ገማች ሆነ። አሮጌ ጠብመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ኮል ያደርጋል። ዕቃ ማሞገስ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አንዱን ሐኪም "ይሄ ጠብመንጃ አይደለም፣ ቧንቧ ነው" ብሎት ሰውዬው ለአንድ ክረምት አኩርፎታል። በራሱም ላይ አይራራም። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ጠብመንጃውን ይፈታና እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ገምቶ ዋጋውን ይነግረኛል፤ "ዘንድሮ ሺህ ነው፣" "ዘንድሮ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነው።" እኔም ሁሌ "አትሸጠው፣ ምን አስጨነቀህ?" እለዋለሁ። "የያዝኩትን ማወቅ እፈልጋለሁ" ይለኛል። ይህን ያህል እውነት የሚወድ ሰው እንዴት እንደሞተ ልነግራችሁ ነው አሁን።

አንድ መስከረም ላይ ሆዱን አመመው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም አለ። ምርመራው ሲወጣ ዘነቡ አብራው ነበረች። ሐኪሙ ሊናገር ሲል ታፈሰ ራሱ "ለሚስቴ ንገሯት፣ እኔ ውጭ ልጠብቅ" ብሎ ተነሳ። እንዲህ ነን እኛ፤ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። በኋላ ሲያጫውተኝ "ፈራሁ በየነ፣ ሌላ ምን ልበልህ" አለኝ። ዘነቡ ስትወጣ ፈገግ ብላ "የጨጓራ ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል" አለችው። በማግስቱ ዳንፎርዝ ላይ ወዳለው ዶናት ቤት ጠራችኝ። ቡናው ከፊቷ ቀዝቅዞ ቁጭ ብላለች፤ ሻርፗን በጣቷ እየጠቀለለች እየፈታች።

"ጋሽ በየነ፣ ቆሽቱ ላይ ነው። ተሰራጭቷል፣ አይነካም አሉኝ። ፀደይን አያይም አሉኝ።"

እጇን ያዝኩ።

"እሱ እንዳያውቅ" አለችኝ። "የሰማ ሰው ቶሎ ይሞታል። አባቴን የገደለው በሽታው አይደለም፣ መስማቱ ነው። እርስዎ ደግሞ ለእሱ መዋሸት አይሆንልዎትም። በልጅዎ ይማሉልኝ።"

"ዘነቡ፣ እሱ እኮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው" አልኳት።

"አፈር ስሆን! እኔ ነኝ የማስታምመው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ይማሉልኝ!"

ማልኩላት። ዘነቡ ጠረጴዛ የምታጸዳው ልጅ ወደ እኛ እስክትዞር ድረስ አልቅሳ ፊቷን ጠራረገችና "አሁን ስገባ ምን ገዛሽ ይለኛል" ብላ ዶናት ገዝታ ሄደች።

መታመሙ ተሰማና ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። ኢስት ዮርክ የነበረው ያ ሳሎን ጫማ ማውለቂያ ጠፋው። ልማዳችንን ታውቃላችሁ፤ በሽተኛ ቤት ገብቶ "አምሮብሃል" የማይል የለም። ታፈሰ ሶፋው ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ጠብመንጃውን ከሳጥኑ ያስወጣና ባዶነቱን አሳይቶ ለጠያቂው ያቀብለዋል። "በል ገምትልኝ፣ ልሸጠው ሳስብ ነው። ስንት ያወጣል?" መጀመሪያ የመጣው የታክሲ ሹፌር አንድ ሺህ አምስት መቶ አለ። በሳምንቱ ሌላው ሁለት ሺህ አለ። ኅዳር ላይ የዕድራችን ዳኛ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከብዕር በስተቀር ነገር ጨብጠው የማያውቁ ሰው፣ በተቃራኒው በኩል ይዘውት "ሦስት ሺህ ቢያንስ ነው፤ ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዕቃ ይሸጣል?" አሉ። ታኅሣሥ ሲገባ፣ ታፈሰ አጥንቱ ብቻ ሲቀር፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት አይታው እንባዋን ውጣ "አምስት ሺህም ያወጣል" አለች። እኔ ጥግ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። መጀመሪያ ላይ አስቆኝ ነበር። እኔን ግን አንድም ቀን ገምት ብሎኝ አያውቅም፤ ይህ ይከነክነኝ ነበር።

ከገና በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት ዘነቡ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ልጠብቀው መጣሁ። ውጭ በረዶ ጥሎ ፀሐይ ወጥቶበት ክፍሉ ሁሉ ነጭ ሆኗል። አልጋው ላይ ትራስ ደግፎት ነበር። "አውጣው" አለኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ጠብመንጃውን ብርድ ልብሱ ላይ አጋደምኩለት።

"ገምት" አለ።

"ታፈሰ፣ ተወኝ።"

"አስተምሬሃለሁ አይደል? ገምት።"

ገመትኩ። ምን ላድርግ? መክፈቻዋ መሀሉን አልፋ ግራ ገብታለች፣ ነገርኩት። እንጨቱን አውልቄ ነቀነቅኩት፣ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ነገርኩት። ወደ መስኮቱ አነሳሁት፣ የበረዶው ብርሃን በመገጣጠሚያው በቀጭኑ ያልፋል፣ ይህንንም ነገርኩት። አፈሙዙን አንጠልጥዬ ኳ ባደርገው ጩኸቱ ታፍኗል። ሰደፉ አንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን ስናገር ራሱን ይነቀንቃል።

"ስንት?"

"ሰባት መቶ። እሱም ገዢው ዓይኑ ደከም ያለ ከሆነ።"

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ ለቅሶ ሆነ፤ ጋቢውን ጥርሱ ውስጥ ከትቶ ነው ያለቀሰው። "ተመስገን" አለ ሲረጋጋ። "እኔም አምና ሰባት መቶ ነበር ያልኩት። አየህ፣ አምስት ሺህ ያሉኝ ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጠብመንጃውን መች አዩት? እኔን ነው የሚያዩት። ባዩኝ ቁጥር ይጨምራሉ። ምን ያህል ብከፋ ነው እያልኩ ከረምኩ። አንተንም ያልጠየቅኩህ ፈርቼ ነው። አንተም አምስት ሺህ ብትለኝ ማንን ላምን ነበር?" ከዚያ እጄን ያዘኝ፤ እጁ ትኩስና ቀላል ነበር። "አሁን ሌላውን ልጠይቅህ። ፀደይ እደርሳለሁ?"

የልጄ ፊት መጣብኝ፣ የዘነቡም ሻርፕ።

"ዘነቡ አስምላኛለች" አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ብዙ አየ።

"በምን አስማለችህ?"

"በልጄ።"

"እንግዲያው አትናገር። ልጅህን እወዳታለሁ።" ፊቱ ተለወጠ። "ከመስከረም ጀምራ ታውቃለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወር ብቻዋን! ሌሊት ሽንት ቤት ገብታ ውኃ የምትከፍተው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ የውኃ ቢል ይመጣብናል እያልኩ እቆጣታለሁ።"

"ንገራት ታፈሰ" አልኩት። "አብራችሁ አልቅሱ። ተሰነባበቱ እንጂ፣ ይሄ ምን ዓይነት ኑሮ ነው?"

"አይሆንም።" ድምፁ የፋብሪካው ድምፅ ሆነ፣ የድሮው። "ዘነቡ እስካሁን የቆመችው እኔ አላውቅም ብላ ነው። እሱን ካስጣልኳት ምን ይዛ ትቆማለች? እኔ ልሰናበታት ብዬ እሷን ልጥላት? ተወው። እኔም አላውቅም።"

ከዚያ ስለ ጠብመንጃው ተናገረ፤ ነገሩን ሁሉ አስቦበታል። ዘነቡ ፈቃድ የላትም። እሱ ከሞተ ጠብመንጃውን ማን ያነሳዋል? በኀዘን ላይ ፖሊስ ልትጠራ፣ ቢሮ ልትመላለስ ነው። በሕይወት ሳለ ይሸጠው እንዳይባል ደግሞ፣ እውነተኛ ገዢ መጥቶ ጠብመንጃው ከቤት ከወጣ ዘነቡ ያን ጊዜውኑ ይገባታል፤ ታፈሰ ከጠብመንጃው የሚለየው ሲሞት ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ጠያቂውን ልሸጠው ነው ሲል እንኳ ጨዋታ ነው ብላ ነው የተወችው። "ስለዚህ ላሳድስ ብለህ ውሰድልኝ" አለኝ። "ወረቀቱን በስምህ አዙረው። ለእሷ ግን ለፀደይ እየታደሰ ነው።"

ዘነቡ በረዶውን እያራገፈች ጠበል ይዛ ገባች። ገና በሩ ላይ ሳለች ታፈሰ ጮኸ፤ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ።

"ዘነቡ! ይሄ ሰውዬ ጠብመንጃህ ላልቷል ይለኛል! ድፍረቱ! ወስዶ ያሳድሰው። ግንቦት ላይ ክለብ ስሄድ በላላ ጠብመንጃ ሊስቁብኝ ነው እንዴ?"

ዘነቡ ቀጥ አለች። ከዚያ ፊቷ በራ፤ እንዲህ ስትደሰት ከመስከረም ወዲህ አላየኋትም። "ይውሰዱት እንጂ ጋሽ በየነ! በደንብ ይታደስ!" ሳጥኑን ራሷ እስከ ሊፍቱ ድረስ በአንድ ጫፍ ይዛልኝ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እጄን ጨብጣ በሹክሹክታ "አዩ? ግንቦት አለ! ምንም አላወቀም" አለችኝ። ሊፍቱ እስኪመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ እንዴት እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባልና ሚስት ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ግንቦት ያወራሉ። እሷ የክለብ ሰደርያውን አጥባ ሰቀለችለት፣ የተበጠሰ ቁልፍ ተከለችበት። እሱ ዘንድሮ አንቺም ትመጫለሽ፣ ቦት እንገዛልሻለን ይላታል። እሷ እሺ ትላለች። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ሾርባ እጠጣለሁ። ስንት ጊዜ ተነስቼ "በቃችሁ! ሁለታችሁም ታውቃላችሁ!" ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ደርሷል። ዛሬም አንዳንዴ መኪና ስነዳ ብቻዬን እጮኸዋለሁ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሥር ጥቁሩ በረዶ ሲንጠባጠብ፣ ታፈሰ አንድ ጠዋት ዘነቡ ገንፎ ልታመጣለት ወጥ ቤት በገባችበት ዐረፈ።

ጠብመንጃውን ለክለቡ ሰው ሸጥኩት። ጉድለቱን አንድ ባንድ ቆጥሬ ነገርኩት፤ መክፈቻዋን፣ ማጠፊያውን፣ ስንጥቁን፣ የተቆረጠውን ሰደፍ። ሰውዬው "እንዲህ እያልክ እንዴት ትሸጣለህ?" ብሎ ሳቀብኝና ከሰባት መቶው ላይ ሃምሳ አስወረደኝ። ያስተማረኝ ሰው እንዲህ ነው የሚሸጠው አልኩት። ገንዘቡን ለዘነቡ የዕድር ነው ብዬ ሰጠኋት።

አርባው ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ዘነቡ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፤ እኔ ከፊት ለፊቷ ወንዶቹ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ያቺ አምስት ሺህ ያለችው እህት "መቼም ሳይሰቃይ ነው የሄደው" አለቻት ለማጽናናት።

"ሳያውቅ ነው የሄደው" አለች ዘነቡ። "እስከ መጨረሻው ግንቦት ግንቦት እንዳለ ነው። እሱን ነው እግዜርን የለመንኩት፣ ሰጠኝ።" ከዚያ ሻርፗን በጣቷ ጠቀለለችው። "አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያንገበግበኝ። አልተሰናበትኩትም። አብረን ስንኖር አንድም ቀን ያላልኩት ስንት ነገር ነበረኝ። ልናገር እልና፣ ብናገር ያውቅብኛል ብዬ እውጠዋለሁ። ማታ ማታ እግሩን ሳሸው አፌ ላይ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ። እሱ ደግሞ አንዳንዴ ትክ ብሎ ያየኝና ሊናገር ብሎ ይተወዋል። ምን ሊለኝ ነበር ይሆን?"

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ፍርሃት ነበር፤ ያን ፍርሃት እስክሞት አልረሳውም።

"ጋሽ በየነ፣ እርስዎ ከእሱ አይለዩም ነበር። አያውቅም ነበር፣ አይደለም?"

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አያውቅም ነበር" አልኩ።

"ተመስገን" አለች። ተነስታ መጣችና ሳህኔ ላይ ወጥ ጨመረችልኝ። "ይብሉ እንጂ፣ ምንም አልበሉም እኮ" አለችኝ፤ አጠገቤ ቆማ ስትጠብቀኝ በላሁ።